ዕዳዬን ለሚስቴ እንዴት ልንገራት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍላችሁ። ዕድሜዬ 38 ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የጀመርኩት ቢዝነስ ከስሮ ዕዳ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ባለቤቴ ግማሹን እንኳን አታውቅም። ስልኬ በጠራ ቁጥር ልቤ ድው ይላል፣ ቤት ስገባ ሳይለንት አድርጌ ስክሪኑን ወደ ታች ደፍቼ ነው የማስቀምጠው። ሌሊት 9 ሰዓት እነቃለሁ ከዛ በኋላ እንቅልፍ የሚባል የለም፣ ስደምር ስቀንስ ይነጋል። ሰሞኑን ደግሞ በትንሹም በትልቁም መጮህ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ትንሹ ልጄ ጫማው እንደጠበበው ሲነግረኝ ጮህኩበት፣ ልጁ ደንግጦ «እሺ አይጠበኝም» አለኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ራሴን ጠልቻለሁ። አላለቅስም፣ ሥራም አልቀርም፣ ስለዚህ ድብርት አይመስለኝም ግን ጤነኛም አይደለሁም። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ለማን ይናገራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለማልቀስህ ድብርት የለብህም ማለት አይደለም። ብዙ ወንድ ላይ ድብርት በእንባ አይመጣም፣ በንዴት፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በመጠጥ፣ ከሰው በመሸሽ፣ የወሲብ ፍላጎት በመጥፋት ነው የሚመጣው፣ ሰውየው ራሱ «ጸባዬ ተበላሸ» ይላል እንጂ «አሞኛል» አይልም። በዓለም ደረጃ ድብርት አለባቸው የሚባሉት ሴቶች ከወንዶች ይበልጣሉ፣ ራሳቸውን በማጥፋት የሚሞቱት ወንዶች ግን ከሴቶቹ ከእጥፍ በላይ ናቸው። ዝም ብሎ መሸከም ወንድነት ነው እየተባልን ስላደግን ይመስለኛል፣ በጣም የሚያሳዝነኝም ይሄው ነው። «እኔ ብሞት ይሻላቸዋል» የሚል ሐሳብ መጥቶብህ የሚያውቅ ከሆነ ነገ ሳትል ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር፣ ቅርብህ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልም ሂድ።

የሌሊቱን ሒሳብ ደግሞ ተወው በእናትህ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የሕንድ ሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ምርት ከመሰብሰባቸው በፊት እና በኋላ ፈትኗቸው ነበር፣ ያው ራሱ ገበሬ ምርቱን ሳይሰበስብ፣ እጁ ላይ ገንዘብ ባልነበረበት ጊዜ የማሰቢያ ፈተናው ላይ በግልጽ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። የገንዘብ ጭንቀት ጭንቅላትን ይይዛል ማለት ነው፣ ሰውየው ደደብ ስለሆነ አይደለም። እና ብድር ለመክፈል ሌላ ብድር መግባት፣ ቤቲንግ መሞከር፣ እንደዚህ ዓይነት ውሳኔዎች በዚህ ሁኔታህ አትወስን።

ለባለቤትህ ግን ንገራት። እኔ ደብዳቤህን ሳነብ ከዕዳው በላይ እየገደለህ ያለው መደበቁ ነው የመሰለኝ። አንድ ወረቀት ላይ የማን፣ ስንት፣ መቼ የሚከፈል ብለህ ሁሉንም ጻፍ፣ ትንሿንም ሳታስቀር፣ ምክንያቱም ግማሹን ነግረሃት ሌላው ኋላ ከወጣ ይብሳል። ልጆቹ ሲተኙ ወረቀቱን ስጣትና «መፍትሔ አላገኘሁም፣ ግን ብቻዬን መያዝ አቃተኝ» በላት። ልትቆጣ ትችላለች፣ ትቆጣ፣ መብቷ ነው፣ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ሚስቶችን የሚያናድዳቸው ገንዘቡ ሳይሆን መደበቁ ነው። አበዳሪዎችህንም ቀኑ ሳያልፍ አንተው ቀድመህ ደውልላቸው፣ ከሚጠፋባቸው ሰው ይልቅ ጊዜ የሚጠይቃቸውን የሚመርጡ ብዙ ናቸው።

እንቅልፉና ንዴቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ይይህ፣ ካውንስሊንግም መድኃኒትም አለው፣ ብዙ ሰው ይሻለዋል። ልጅህን ደግሞ ዛሬ አስቀምጠህ «ጫማህ ጠቦሃል፣ ልክ ነህ፣ የጮህኩት በሌላ ነገር ተናድጄ ነው» በለው። ጫማውን እስክትገዛለት አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሥራ ከተቀነሰ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ ነው የሚውለው፣ ምንም አያግዘኝም። ስንፍና ነው ወይስ ሌላ ነገር?

መልስ፦ እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል፣ ግን ስንፍና ለማለት አትቸኩዪ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኦስትሪያ ውስጥ ማሪየንታል የምትባል መንደር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ተዘግቶ ሕዝቡ ሥራ ፈት ሆኖ ነበር። ተመራማሪዎች ሄደው ሲያዩ ወንዶቹ መንገድ ላይ ከሴቶቹ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ ደጋግመውም ይቆማሉ፣ ሙሉ ቀን ትርፍ ጊዜ እያላቸው ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ እንኳን ቀንሶ ተገኘ። ሥራ ሲሄድ የቀኑ ቅርጽም አብሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «አግዘኝ» ብቻ አትበይው፣ ልጆቹን ጠዋት ማድረስ የሱ ነው ብለሽ ቁርጥ ያለ ሰዓት ያለው ነገር ስጪው፣ ለብሶ እንዲወጣ። ማታ ማታ «ዛሬስ ሥራ ተገኘ?» እያልሽ መጠየቁን ግን ተዪው፣ ያገኘ ቀን ራሱ ሮጦ ነው የሚነግርሽ።