ጥያቄና መልስ፦ የሰርፍቦርድ መቅረጫ ማቆሚያ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ሰርፍቦርድ፣ ያንን በባሕር ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ፣ በእጄ ልቀርጽ ብዬ ፎሙንም መላጊያውንም አዘጋጅቻለሁ። ለጊዜው ሁለት ወንበር ላይ አጋድሜው ነው የምሠራው። ግን መላጊያውን በገፋሁ ቁጥር ፎሙ አብሮ ይሄዳል። ጠርዙን ልሥራ ስል ደግሞ የሚይዝልኝ ሰው መጥራት አለብኝ። ማቆሚያ በቤት እንዴት ይሠራል? ቁመቱስ ስንት ይሁን? ሬዚን፣ ማለትም ደርቆ ፎሙን የሚሸፍነውን ፈሳሽ፣ ስቀባስ በዚያው ማቆሚያ ልጠቀም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወንበሮቹን ዛሬውኑ ተዋቸው። ፎሙ የሚሸሽህ ቀላል ስለሆነ ነው። ድሮ ቦርድ ከእንጨት ሲጠረብ ክብደቱ ራሱ ባለበት ያቆየው ነበር። ቦርድ ሠሪዎቹ ሆቢ ኦልተርና ጎርደን ክላርክ በ1958 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ወደ ፖሊዩሬቴን ፎም ከዞሩ ወዲህ ግን ቀራጩ በእጁ የሚይዘው ጥቂት ኪሎ ብቻ ሆነ፤ ስለዚህ ከብዶ መቆም ያለበት ማቆሚያው ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ።

የሚያስፈልግህ ሁለት የተለያዩ እግሮች ናቸው። አንድ ወጥ ጠረጴዛ አትሥራ፣ እየዞርክ ስትሠራ መሀሉ ይጋርድሃል። ለእያንዳንዱ እግር ባለ 20 ሊትር ባልዲ፣ 10 በ10 ሴንቲ የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ለጭንቅላቱ ደግሞ ወፈር ያለ ፕላይውድ አዘጋጅ። እንጨቱን ባልዲው ውስጥ ከመትከልህ በፊት ታችኛው ጫፍ ላይ ዙሪያውን አራት አምስት ምስማር እስከ ግማሽ ምታ፣ ኮንክሪቱ የሚጨብጠው ነገር እንዲያገኝ። ከዚያ በውሃ ልክ እያየህ ኮንክሪቱን ሙላ። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ኮንክሪት ወደ 48 ኪሎ ይመዝናል፤ የፈለግከውን ያህል ብትገፋ አይነቃነቅም። ቢያንስ ሁለት ቀን ሳትነካው ይቆይ።

ጭንቅላቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እዚህ ጋ ረጋ በል። ቦርዱ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ ይፈልጋል። ላይኛውና ታችኛው ገጽ ሲላግ ይተኛል፣ ጠርዙ ሲሠራ ደግሞ በጎኑ ይቆማል። ስለዚህ ፕላይውዱን ልክ እንደ «ሀ» ፊደል ቁረጠው። ሲተኛ በሁለቱ ክንዶች አናት ላይ ያርፋል፣ ሲቆም መሀል ያለው ክፍተት ውስጥ ይገባል። የጭንቅላቱ አጠቃላይ ስፋት ከ30 ሴንቲ አይብለጥ። ሰፊ ከሆነ ጠርዝ ስትሠራ መላጊያው ከክንዱ ጋር ይጋጫል። ክፍተቱን 10 ሴንቲ አድርገው፤ ስፖንጁ ሲለብስ ወደ 8 ይወርዳል፣ 6 ወይም 7 ሴንቲ ውፍረት ያለው ቦርድ ደግሞ ሳይጨናነቅ ይቆምበታል።

የክፍተቱ ጥልቀትም ቁም ነገር አለው። የክንዱ አናት ቀበቶህ ጋ ይድረስ፣ 95 ሴንቲ እንበል። ቦርዱ 50 ሴንቲ ስፋት ካለው፣ ክፍተቱም 5 ሴንቲ ብቻ ከሆነ፣ በጎኑ ስታቆመው የላይኛው ጠርዝ 140 ሴንቲ ላይ ይወጣል። ትከሻህን ሰቅለህ ልትሠራ ነው ማለት ነው! በ23 ሴንቲ ብታጎደጉደው ግን 122 ላይ ይቆምልሃል፣ ክርንህም ሳይነሳ ትሠራለህ። ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ልዩነቱን ወገብህና ትከሻህ ይነግሩሃል።

በሁለቱ እግሮች መካከል ከ90 እስከ 100 ሴንቲ ተው። ለረጃጅም ቦርድ ትንሽ ታርቃቸዋለህ፣ የተለያዩ መሆናቸው የሚጠቅመው ለዚህም ነው። ካቆምካቸው በኋላ አንዱን ዓይንህን ጨፍነህ ከኋላ ሆነህ ተመልከት። የፊተኛው ጭንቅላት አናት ከኋለኛው ጋር አንድ መስመር ላይ መግጠም አለበት። አንዱ ዘመም ካለ ቦርዱ ይወዛወዛል፣ አንተም የጠመመው ፎሙ መስሎህ ደህናውን ስትልግ ትውላለህ።

ክንዶቹንና የክፍተቱን ውስጥ ጠንከር ባለ ስፖንጅ ሸፍን፣ ከላዩ የምንጣፍ ቁራጭ አልብሰው። ምንጣፉ እንዳይንሸራተት ይይዝልሃል። ጥቁር ጎማ እንዲሁ ባዶውን አታድርግ፣ ነጩን ፎም ያጠቁረዋል። ምስማሩም ሆነ ቪሱ በሙሉ ከጎን ወይም ከታች ይግባ። እኔ አንድ ጊዜ ምንጣፉን ከአናቱ በስቴፕለር መታሁት። አንዷ ሽቦ ለዓይን እንኳ ሳትታይ ብቅ ብላ ኖሮ፣ ቦርዱን ገፋ ሳደርገው የታችኛውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠረችው። ያን ጭረት ለማጥፋት ያን ሁሉ ፎም ማንሳት ነበረብኝ፣ ቦርዱም ካሰብኩት ሳስቶ ቀረ። እስከ ዛሬ ቦርድ ከመገልበጤ በፊት ምንጣፉን በመዳፌ ዳበስ አደርጋለሁ። ፎም በጣት ጫን ሲሉት እንኳ ይጎደጉዳል፣ አንዲት ጠጠር ትበቃዋለች።

ለሬዚን ያልከውስ? አይሆንም፣ ሌላ ማቆሚያ ሥራ። ሬዚን ይንጠባጠባል፣ የደረቀው ጠብታ ደግሞ እንደ ድንጋይ ነው፤ ቀጥሎ የምታስተኛውን ፎም ይወጋዋል። የሬዚኑ ማቆሚያ ቀለል ያለ ይሁን፣ ጠበብ ያለ አናት ይበቃዋል። በወረቀት ፕላስተር ጠቅልለውና ሲቆሽሽ ላጥ አድርገህ ሌላ ጠቅልል። በዚያው አንድ ነገር ልንገርህ፦ ፎምህ ነጭና ፍሬ ፍሬ የሚመስል ፖሊስታይሪን ከሆነ ፖሊስተር ሬዚን አታስነካው፣ ያቀልጠዋል። ለእሱ ኢፖክሲ የሚባለው ሬዚን ነው። ፖሊዩሬቴን ከሆነ ሁለቱም ይሠራሉ። ፖሊዩሬቴንን ግን በጋለ ሽቦ እንዳትቆርጥ፣ ጭሱ መርዝ ነው። ስትልግም ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርግ፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

አንተ ያልጠየቅከው ግን ከማቆሚያው እኩል የሚያስፈልግህ መብራት ነው። ጣሪያ ላይ ያለው አምፖል ጉብታውን ይደብቀዋል። በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ፣ ከተኛው ቦርድ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገህ፣ ረጃጅም ነጭ መብራቶች አግድም ስቀል። ዓይንህን እንዳይወጋ ከላዩ ጠባብ ጣውላ ጋርድበት። ከዚያ የጣሪያውን አጥፋና የጎኖቹን አብራ። ደህና ነው ያልከው ገጽ ላይ የመላጊያው መንገድ ሁሉ በጥላ ተስሎ ታየዋለህ። ግድግዳውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ብትቀባው ነጩ ፎም ይበልጥ ጎልቶ ይወጣልሃል። በቦርዱ ዙሪያ በሁሉም በኩል አንድ ሜትር መተላለፊያ መኖሩን አሁኑኑ ለካ፤ ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ባሉት ሁለት ቀናት መብራቱን ሰቅለህ ትጨርሳለህ።