የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ስትራቴጂ ጻፉ ለተባላችሁ ልጆች

ልጆቼ፣

ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ እዚሁ ጎጃም ሥራ የያዛችሁ ብዙ ናችሁ። አንዱ የገበሬዎች ዩኒየን ገብቷል፣ አንዷ ሆስፒታል፣ ሌላው የከተማ ውኃ አገልግሎት። ሰሞኑን አንድ ዓይነት ትእዛዝ እየደረሳችሁ እንደሆነ እሰማለሁ። ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባ ይመለስና «የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስትራቴጂ አዘጋጁልን፤ እናንተ ወጣቶች ስለሆናችሁ ታውቁታላችሁ» ይላል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ይሰጣችኋል። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በኅብረት ሥራ ማኅበራት የዕቅድና የመረጃ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ምሳሌዬ ሁሉ ከዩኒየን ነው፤ ለየራሳችሁ ቤት ታመቻቹታላችሁ።

አለቆቻችሁ ይህን መጠየቃቸው አይገርምም። አገሪቱ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋም ካቋቋመች ቆየች፤ 2012 ነበር። ብሔራዊ ፖሊሲውም በ2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ሁሉም «እኛስ ምን ጎደለን?» ማለት ጀምሯል። ግን ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነው።

በቅርቡ አንድ እንዲህ ያለ ሰነድ እጄ ገብቶ አነበብኩ። የማን እንደሆነ አልናገርም። ቋንቋው ያምራል፣ ሠንጠረዡ ያምራል። አባላቱን ግን «ደንበኞች» ይላቸዋል። ማዳበሪያ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ክረምት የለም፣ መብራት መጥፋት የለም፣ ቀበሌ የለም። ጽሑፍ ከሚጽፈው የኤአይ መሣሪያ ከቻትጂፒቲ እንዳለ የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል። የድርጅቱን ስም ብትለውጡት ለናይሮቢ ባንክም ለማኒላ ሆቴልም ይሆናል። መሣሪያውን ተጠቀሙበት፣ አልከለክልም። ቦርዱ ከእናንተ የሚጠብቀው ግን ምርጫ ነው፦ የትኛው ሥራ በኤአይ ይታገዝ፣ የትኛው አይነካ፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ፣ ሲበላሽ ማን ይጠየቅ። ይህን ምርጫ ማሽኑ ሊመርጥላችሁ አይችልም። ቤታችሁን አያውቀውማ።

ስለዚህ ምንም ከመጻፋችሁ በፊት መዝገብ ቤት ግቡ። ከምሬ ነው። የአባላቱን መዝገብና ደረሰኙን አውርዱና ከሠራተኛዋ ጋር አብራችሁ ተቀመጡ።

ምን እንደምታገኙ ልንገራችሁ። ኃይሉ የሚባል አባል አለ እንበል። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ብሎታል፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ»። አባቱ ዓለሙ ከሆነ እሱም «ዓለሙ»ና «አለሙ» ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ሰውዬ ኮምፒውተሩ ዘንድ እስከ ስድስት ሰው ሊሆን ነው። ሠራተኛዋ አይታ ትስቃለች፣ አንድ ሰው መሆኑን ታውቃለች። ኮምፒውተሩ ግን በፊደሎቹ መካከል ልዩነት ያያል። እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ የትርፍ ክፍፍል የሚያሰላ ኤአይ ብትጭኑ ምን እንደሚመጣ አስቡት።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 የተቆረጠ ደረሰኝ ላይ «5/13/2016» ተብሎ ተጽፏል። የውጭው ሶፍትዌር ይህን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ እንደ ፈረንጆቹ ሜይ 13 ቀን 2016 ሊያነበው ይችላል። ከስምንት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተ ማለት ነው። ስህተት የሚል ምልክትም አያሳያችሁም። መሬቱን ደግሞ አንዱ ቀበሌ በሄክታር፣ ሌላው በቃዳ፣ ሌላው በጥማድ መዝግቦታል። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች አይደሉም። እንደ እኔ ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት ስትራቴጂያችሁ ግማሹ መዝገብ ማስተካከል ቢሆን ምንም አይደል። ቦርዱ «ይሄ ምኑ ኤአይ ነው?» ቢላችሁ የኃይሉን ስም በስድስት መልኩ ጽፋችሁ አሳዩት።

ከዚያ አንድ ሥራ ምረጡ፤ አንድ ብቻ። ብዙዎቻችሁ ለገበሬው በስልክ ምክር የሚሰጥ ነገር መሥራት እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው። 8028ን አስታውሱ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ያስጀመረው የስልክ መስመር ነው። ስማርት ስልክ አልጠየቀም፣ ማንበብም አልጠየቀም። ገበሬው በያዘው ስልክ ደውሎ በቋንቋው ይሰማል። ተጠቃሚው ካለበት ቦታ መነሳት ማለት ይኸው ነው።

ኤአይ ሲገባበት ግን ጥንቃቄው ይጨምራል። ለጥያቄ መልስ የሚጽፉት የኤአይ ሞዴሎች በብዛት የተማሩት ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። አማርኛውን ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ይሰባብሩታል። ክፍያው በቁርጥራጩ ብዛት ስለሚሰላ የአማርኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛው ይወደዳል። ሲሳሳቱም ድምፃቸው አይቀየርም፤ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም በእኩል ድፍረት ይመልሳሉ። አንድ የማቻከል ገበሬ «የበቆሎዬ ቅጠል ወይን ጠጅ መሰለ» ብሎ ጠየቀ እንበል። ማሽኑ «የፎስፈረስ እጥረት ነው፣ ማዳበሪያ ጨምር» ሊለው ይችላል። የመጽሐፍ መልስ ነው። ግን በዚያ አካባቢ አፈሩ በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። አሲዳማ አፈር ፎስፈረሱን አስሮ ስለሚይዘው ገበሬው የጨመረው ኤንፒኤስ (ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ) ለሰብሉ እምብዛም አይደርሰውም። አፈሩ ተመርምሮ ኖራ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህን የወረዳው የግብርና ባለሙያ በእንቅልፍ ልቡ ይነግራችኋል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ገበሬዎች በእርግጥ የጠየቋቸውን ጥያቄዎች ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሰብስቡ። በራሳቸው አነጋገር ይሁን፤ እናንተ አታሳምሩት። ባለሙያው ትክክለኛውን መልስ ይጻፍ። ከዚያ ማሽኑን ጠይቁትና መልሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የትኛው ስህተት ዝም ብሎ ያናድዳል፣ የትኛው የዓመት ምርት ያጠፋል? ይህን ለዩ። ሁለተኛው ዓይነት ስህተት ካለ ባለሙያ ሳያየው ወደ ገበሬው የሚሄድ መልስ አይኑር። ማንም ቢያጣድፋችሁ እዚህ ላይ እሺ አትበሉ።

አንዳንድ ውሳኔ ደግሞ ከነጭራሹ ለማሽን አይሰጥም። ማን ብድር ያግኝ፣ ማን ማዳበሪያ ይድረሰው፣ ማን ከአባልነት ይሰረዝ የሚለውን ሰው ይወስን፤ የተከፋውም አባል ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስቶ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ይኑር። «ሲስተሙ ነው የከለከለህ» የሚባል መልስ ለአንድ አባል መስጠት ነውር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም አንብቡት። የአባላትን ስም፣ ስልክና ብድር ውጭ አገር ወዳለ ነፃ መተግበሪያ መገልበጥ እንደ ድሮው «ምን አለበት» የሚባል ነገር አይደለም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በዶላር ይከፈላሉ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲቀየር ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በብር የተያዘ በጀት ያን ጊዜ ምን እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት። ኢንተርኔትም እንደዚያው ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መስመር ሲጠፋ ሥራው በወረቀት እንዴት እንደሚቀጥል የማይናገር ስትራቴጂ ለእኛ አገር አልተጻፈም።

የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ነገር ደግሜ ላንሳ። «ኤአይ መጣ» ሲባል መጀመሪያ የምትፈራው እሷ ናት። የምታውቀውን ደብቃ ብትይዝ አትፍረዱባት፤ እንጀራዋ ነው። ስለዚህ የእሷ ሥራ ምን እንደሚሆን ሰነዱ ላይ በግልጽ ጻፉ፣ ሥራ አስኪያጁም ይፈርምበት። እኔ ብሆን የመዝገቡ ጥራት ኃላፊ አደርጋት ነበር። «ይህ ሀይሉ ያ ኃይሉ አይደለም፣ ያኛው የላይ ቀበሌው ነው» የምትላችሁ እሷ ብቻ ናት።

በመጨረሻም የማቆሚያውን ነጥብ ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። አሁን ሥራው ስንት ቀን ይፈጃል? ስንት ስህተት አለው? ይህን ዛሬ ለክታችሁ አስቀምጡ። ከአንድ የምርት ዘመን በኋላ ካልተሻለ ይቆማል ብላችሁ ጻፉ፤ እንዲቆም የሚያዘው ማን እንደሆነም በሥራ መደቡ ጥቀሱ። ረቂቁ ሲያልቅ ለቦርዱ ከመላካችሁ በፊት ለሁለት ሦስት አባል ገበሬዎች አንብቡላቸው። ያልገባቸውን ቦታ ምልክት አድርጉና እዚያው ላይ እንደገና ጻፉት።