ብቻችሁን አውሮፓ ለምትሄዱ ልጆች

ልጆቼ፣

ለትምህርት፣ ለስብሰባ ወይም ለዘመድ ጥየቃ አውሮፓ ሄዳችሁ ጥቂት ነፃ ቀናት ካገኛችሁ ከተማ አትቁጠሩ ብዬ እለምናችኋለሁ። በአንድ ሳምንት ሮምን፣ ፓሪስንና አምስተርዳምን የሮጠባቸው ሰው ቤቱ ሲገባ የሚያስታውሰው የባቡር ጣቢያዎቹን ነው። አንድ ከተማ ምረጡ፤ ከዚያ በዙሪያው ወዳለው ገጠር ውጡ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ጊዜው የራሱ ነው፤ አንድ ቦታ ቆሞ ቢውል ቶሎ በል የሚለው የለም።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ ልንገራችሁ። አብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች በአንድ ፈቃድ የሚያስገባው የሼንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይጠየቃል፤ ቀን እየቆጠራችሁ አታዘግዩት። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ሽፋን ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሆን አለበት። ፖሊስ እኛን ከሌላው ተሳፋሪ ለይቶ ሰነድ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ ያማል፤ ፓስፖርታችሁ ከእጃችሁ አይራቅ።

ሮም ከገባችሁ ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ ላይ ቁሙ። በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሲሮጥ በአጠገቡ አልፏል። ውድድሩ እስካለቀበት የቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ ደግሞ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። መንገዱን ሂዱበት።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ስለሆነ ልቤ የቀረው ስዊዘርላንድ፣ ላቮ ላይ ነው። ከሎዛን ወደ ሞንትሮ በሚወስደው የጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ ገደሉ ሁሉ በእርከን ተሠርቶ ወይን ተተክሎበታል። ከሎዛን በየጣቢያው የሚቆመውን ባቡር ያዙና ሳን ሳፎራን ውረዱ። ከዚያ እስከ ሉትሪ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢጫውን የእግረኛ ምልክት ተከተሉ።

ታሪኩ ገዳማት አካባቢውን ይዘው እስከነበሩበት እስከ 11ኛው መቶ ዘመን ይደርሳል። ዝናብ ያወረደውን አፈር ገበሬው ድሮ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ላይ ይመልሰው ነበር። አመሻሽ ላይ መዳፋችሁን እርከኑን በያዘው የድንጋይ ካብ ላይ አሳርፉ፤ ፀሐይ ዞራም ይሞቃል። የአገሬው ሰው ወይናችንን የሚያበስሉት ሦስት ፀሐዮች ናቸው ይላል፤ አንዷ የሰማይዋ፣ አንዷ ከሐይቁ የምታንፀባርቀው፣ ሦስተኛዋ ካቡ ቀን ያመቀው ሙቀት። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ቪላ መሥራት የሚፈልግ ባለሀብት አይጠፋም። ላቮ የሚገኝበት የቮ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ሕዝብ ግን በ1977 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥቶ መሬቱን በሕግ አስጠበቀ። ዩኔስኮ የመዘገበው 30 ዓመት ቆይቶ በ2007 ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ የቆመለት ባለቤቱ ነው።

ማታ ማታ ብቸኝነቱ ይከብዳል፤ በተለይ እሑድ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ። መፍትሔው ሥራ ላይ ያለ ሰው ማነጋገር ነው። እኔ ኤፔስ መንደር አጠገብ ወይን የሚገርዙ አንድ አዛውንት አግኝቼ የኮንሶን እርከን ፎቶ አሳየኋቸው። መቀሱን ኪሳቸው ከተው ካቡን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ በምን እንደቆመ፣ ሲፈርስ ማን እንደሚጠግነው ጠየቁኝ። ባለችኝ ጥቂት ፈረንሳይኛ ካቡ አንዳንድ ቦታ 5 ሜትር እንደሚደርስ፣ ጎርፉን እንዴት እንደሚያበርደው ነገርኳቸው። ባቡሩ እስኪመጣ አወራን።

ስለዚህ ከቪዛው በፊት ኮንሶን እዩ። እርከኑን ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ውላችሁ ድንጋይ አቀብሉ፣ ጠይቁ፣ ፎቶ አንሱ። መንገዱ በአርባ ምንጭ በኩል ነው፤ ካራት ከተማ ማደሪያ ታገኛላችሁ።