«ላሞቼ ሳር ነው የሚበሉት፤ ካርቦኑ ከየት መጣ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ? ሱሉልታ ላይ ከአባቴ የተረከብኳቸው ስምንት የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ። ወተቱን የሚወስደው ነጋዴ ሰሞኑን «የእርባታህን የካርቦን መጠን አስለካ» አለኝ። ትራክተር የለኝም። ላሞቹ መስክ ይውላሉ፤ በጋ ላይ ድርቆሽና ትንሽ ፉርሽካ እጨምርላቸዋለሁ። ምኑ ነው የሚለካው? ሳሩስ አየር ስለሚያጸዳ አይቀነስልኝም?

መልስ፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትራክተር ስለሌለህ ነፃ የወጣህ መስሎሃል አይደል? የሚለካው እርባታህ የሚያወጣው፣ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው፤ ነገሩ ያለውም ላሟ ሆድ ውስጥ ነው። ሳሩ እዚያ ሲብላላ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ ላሟም በግሳት ታወጣዋለች። በመቶ ዓመት ሲሰላ አንድ ኪሎ ሚቴን 27 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ያሞቃል። እንዳንተ ባለ እርባታ ትልቁ ድርሻ ይሄ ነው። የማቀዝቀዣው መብራት እንኳ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ነውና።

ሚቴኑን ለመገመት ላሟ ስንት እንደምትበላ ማወቅ አለብን። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ድርቆሹ ይመዘናል፤ መስክ የጋጠችውን ግን ማን ይመዝንልሃል? ስለዚህ በክብደቷ እንገምታለን። ሚዛን ከሌለ የደረቷን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቷን መገመት ይቻላል። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ፣ ማለትም 10 ኪሎ ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። ልብ በል፣ ይሄ ውኃው ሳይቆጠር ነው። የክረምት ሳር አብዛኛው ውኃ ስለሆነ እርጥቡን እንዳለ መዝነህ እንዳታስገባው።

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን፣ አይፒሲሲ፣ ለከብት በሚጠቀምበት የተለመደ ስሌት አንድ ኪሎ ደረቅ መኖ 21 ግራም ተኩል ገደማ ሚቴን ይሰጣል። በዓመት 78 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። በ27 ስታባዛው 2.1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደማለት ነው። ላሟ በዓመት 3000 ሊትር ከሰጠች ለሊትር 0.7 ኪሎ ይደርሳል። 1000 ሊትር ብቻ ከሰጠች 2.1 ኪሎ። ያው ሆድ፣ ያው ሳር!

በ0.7 ግን ቶሎ አትደሰት። እርባታ ስዞር የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ ገበሬው የሚታለቡትን ብቻ ይቆጥርና የነጠፈችውን፣ ጊደሯን፣ ጥጃውን ይረሳል። እነሱም ይበላሉ፣ ያገሳሉ። የምትገዛው ፉርሽካም ሲመረት የወጣው ጋዝ ድርሻ አለው። ፍግም እንደዚሁ፦ ለኩበት የደረቀው ብዙ ሚቴን አያወጣም፤ ጉድጓድ ውስጥ ከውኃ ጋር የተጠራቀመው ግን ያወጣል።

የሳሩን ነገር በተመለከተ ቅር እንዳይልህ። ሳሩ ከአየር የወሰደው ካርቦን ላሟ በልታው ስትተነፍስና ፍጉ ሲበሰብስ በአብዛኛው ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል። የሚቆጠረው አፈር ውስጥ የሚቀረው ነው። ለዘመናት ሳር የነበረ መስክ ደግሞ ያጠራቀመውን ይዞ ይቆያል እንጂ በየዓመቱ ብዙ አይጨምርም። ይቀነስልኝ ለማለት አፈሩ ዛሬ ተመርምሮ ከዓመታት በኋላ እንደገና መመርመር አለበት። መስኩን ካረስከው ግን የተጠራቀመው መውጣት ይጀምራል፤ ስለዚህ አትንካው።

አሁን የሚያስፈልግህ አንድ ደብተር ነው። የየዕለቱን ወተት፣ የገዛኸውን መኖ፣ የተዳቀለችበትንና የወለደችበትን ቀን ጻፍ። ከወለደች ሦስት ወር አልፏት ኮርማ ያልፈለገች ላም ካለች ሐኪም ጥራ፤ ያለ ወተት የምትቀመጥበት ጊዜ ነው ቁጥሩን የሚሰቅለው። ድርቆሹንም ሳያረጅ አሳጭደው፤ ገለባ የመሰለ ድርቆሽ ወተት አይሆንም።

ነጋዴውን ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቀው። የሚፈልገው ጠቅላላውን ነው ወይስ በሊትር? ለሥጋ የሸጥካቸው ወይፈኖችስ የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ ወይስ ሁሉም በወተቱ ላይ ይጫናል? መልሱን ሳትይዝ ለአስለኪ ገንዘብ እንዳትከፍል።