ለደብረ ብርሃን ብርድና ለሸዋ ሮቢት ሙቀት የትኛው የፊት ጭቃ?

እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ሳሎን ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ያልሽው ይሄ ነው፦ አንቺ ደብረ ብርሃን ነሽ፤ ግንባርሽና አፍንጫሽ ይወዛል፣ ጉንጭሽ ግን ደረቅ ነው፣ ማድያትም ጀማምሮሻል። እህትሽ ሸዋ ሮቢት ናት፤ ፊቷ ሙሉ ወዛም ሆኖ ብጉር ይበዛበታል። ካኦሊን፣ ቤንቶናይት፣ የሕንዱ ሙልታኒ ሚቲ፣ የሞሮኮው ራሱልና የሙት ባሕር ጭቃ ተደርድረው አይታችሁ፣ አንድ ትልቅ ፓኬት ገዝታችሁ ልትካፈሉ አስባችኋል። ጎረቤትሽ ደግሞ «ለምን ብርሽን ታወጫለሽ፣ የማሳችን ጥቁር አፈር አለ አይደል» ብላሻለች።

እኔ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ደብረ ብርሃን ፌሻል እየሠራሁ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ እነዚህን ሁሉ በእጄ በጥብጬ፣ በራሴም በደንበኞቼም ፊት ላይ አይቻቸዋለሁ።

የፊት ጭቃ ሥራው ወዝ መምጠጥና ላይ ላዩን ያለውን ቆሻሻ ማንሳት ነው። «ከሰውነት መርዝ ይስባል» የሚለውን የሻጭ ወሬ ተዪው፤ መርዝ የሚያጣሩልሽ ጉበትሽና ኩላሊትሽ ናቸው። ስለዚህ ፓኬቱን ስታነሺ ራስሽን የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ ይሄኛው ምን ያህል ወዝ ይመጥጣል፣ የኔ ፊትስ የሚመጠጥ ምን ያህል ወዝ አለው?

ከሁሉም ገራሙ ነጩ ካኦሊን ነው። የማዕድኑ ንብርብሮች ጥብቅ ብለው ስለተያያዙ ውሃ በመሐላቸው አይገባም፤ አያብጥም፣ ወዝም የሚወስደው በመጠኑ ነው። ቤንቶናይት የእሳተ ገሞራ አመድ በረጅም ዘመን ተለውጦ የሚሆነው ነው። የሱ ንብርብሮች ልል ስለሆኑ ውሃው ገብቶ ያሳብጠዋል፣ የሚይዘውም ነገር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይሄን በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀምጪና በያንዳንዱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ነስንሺ፤ አታማስዪው። ካኦሊኑ ውሃውን አንጥቶት ቀስ እያለ ከሥር ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ውሃም እየጠራ ይመጣል። ቤንቶናይቱ ላይ ላዩን ተንሳፎ ይቆይና ጫፍ ጫፉ እየረጠበ፣ እየወፈረ ይወርዳል። ቆይተሽ ጣትሽን ብትነክሪበት እንደ ተነከረ ተልባ ይዝለገለጋል። ሶዲየም የበዛበት በጣም ያብጣል፣ ካልሲየም የበዛበት ያንሳል። ጨርሶ የማይወፍር ዱቄት ቤንቶናይት ነው ብለው ከሸጡልሽ ግን ተጠራጠሪ።

ሌላው የቤንቶናይት ነገር አልካላይነቱ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ መሆኑ ነው። የቆዳችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 5 አካባቢ ሆኖ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ቤንቶናይት ውሃ ሲገባበት ከ8 በላይ ይወጣል። ከታጠብሽ በኋላ ፊት ጭምድድ የሚለው በከፊል ለዚህ ነው። አንዳንዱ ይሄን ለማስተካከል ጥቂት አቼቶ ጠብ ያደርጋል፤ ቆዳው ጠንካራ ለሆነ ሰው እሺ። ሎሚ ግን በፍጹም! ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊያወጣ ይችላል። ማድያት ላለባት ሴት ደግሞ ይሄ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

ሙልታኒ ሚቲ ከቤንቶናይት ጋር ቤተ ዘመድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ያለበት ዓይነት። ጉልበቱን ለመረዳት ይሄን እወቂ፦ የፋብሪካ ሳሙና ሳይመጣ በፊት በእንግሊዝ አገር የበግ ጸጉር ልብስ የሚሠሩ ሰዎች ቅባቱን የሚያስለቅቁት በእንዲህ ያለ አፈር እየረገጡ ነበር። ያልታጠበ የመንዝ በግ ጸጉር ዳስሶ የሚያውቅ ሰው ያ ቅባት እጅ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ ያውቃል። ያንን የሚያስለቅቅ አፈር የአንቺን ጉንጭ ምን እንደሚያደርገው አስቢው። ለእህትሽ ግን ይሆናታል።

የሞሮኮው ራሱል ከአትላስ ተራሮች አካባቢ የሚወጣ፣ ማግኒዥየም የበዛበት ነው። እዚያ በሃማም (በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት) ውስጥ ለጸጉርም ለገላም ይጠቀሙበታል። እኔ ከሁሉም የምወደው ለጸጉር ነው። ቅቤ ተቀብተሽ ያደረ ጸጉር በሻምፑ ደጋግመሽ እያሸሽ ከምታደርቂው፣ ራሱሉን በለብ ያለ ውሃ ቀጠን አድርገሽ የራስ ቅልሽን ብታሺበት ቅባቱን ያወጣል፣ ጸጉሩንም አያንቋቋውም። ለፊት ከካኦሊን ጠንከር፣ ከቤንቶናይት ለስለስ ይላል። ችግሩ ዋጋው ነው።

የሙት ባሕር ጭቃ ለብቻው የሚታይ ነው፤ የሚሠራልሽ ከአፈሩ ይልቅ ጨዉ ነው። የዚያ ባሕር ውሃ ከመቶው 34 እጅ ገደማ ጨው ነው፣ ከተራው ውቅያኖስ ወደ አሥር እጥፍ። እዚያው ባሕሩ ዳር ሶራያሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለሕክምና ይሄዳሉ፣ ብዙዎችም ይሻላቸዋል፤ ግን እዚያ ውሃውም ፀሐዩም አብሮ አለ። በፓኬት የመጣው ያንን ሁሉ ይዞ አይመጣም። የተላጠ፣ የፈነዳ ብጉር ወይም ችፌ ያለበት ፊት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጨው ቁስል ላይ መነስነስ ነው፤ ያንገበግባል። ለክርንና ለተረከዝ ግን ደግ ነው።

ወደ ጎረቤትሽ ልምጣ። ምንም እውነት የላትም ብዬ አላጣጥላትም። በእነዋሪ ሜዳም ሆነ በኛ ዙሪያ ያለው መረሬ (ጥቁሩ አፈር)፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው፣ በክረምት ጫማ የሚያወልቀው፣ ውስጡ የሚያብጥ ማዕድን ስላለበት ነው፤ በዘሩ ከቤንቶናይት ወገን ነው። ግን ማሳው ላይ ከብት ውሎበታል፣ ማዳበሪያ ተበትኖበታል፣ ደቃቅ ጠጠርም አለበት። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋሲም የሚኖረው አፈርና እበት ውስጥ ነው፤ ዘሩ የፈላ ውሃን ስለሚቋቋም «አፍልቼዋለሁ» ማለት አይበቃም። ብጉር የፈነዳበት ፊት ደግሞ ክፍት በር ነው። «የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ለሚለኝ ሰው የማነሳው ሌላም አለ፦ አገራችን ውስጥ ዝሆኔ የምንለው የእግር ማበጥ በብዙ ቦታ የሚመጣው በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። ፊት ላይ ለደቂቃዎች መቀባት ያንን ያመጣል እያልኩ አይደለም፤ አፈር ሁሉ የዋህ አይደለም ለማለት ነው። (ጸበል ቦታ እምነት መቀባት የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ እሱን ከዚህ ጋር አልደባልቀውም።)

የታሸገውም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አንዳንድ የቤንቶናይት ዱቄቶች ከፍተኛ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ተገኘባቸው ብሎ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ስለዚህ አምራቹና አገሩ ያልተጻፈበትን፣ ከጆንያ እየተሰፈረ የሚሸጠውን አልገዛም። ሕፃን አትቀቢ። እርጉዝ ሆና አፈር የሚያምራት ዘመድ ካለችሽም «ይሄ ንጹሕ ነው» ብላ እንዳትቅመው ንገሪያት።

ማድያቱን በተመለከተ እቅጩን ልንገርሽ፦ የትኛውም ጭቃ ማድያት አያጠፋም። ፊትሽ ታጥቦ ሲጠራ ለቀን ለሁለት ቀን የፈካ ይመስላል፣ ያ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል እንጂ ፀሐዩ ከቆላው የባሰ ያቃጥላል። ለጭቃ ያሰብሽውን ብር ለሰንስክሪን ብታደርጊው ይሻልሻል፤ በተለይ ቀለም ያለውን ምረጪ፣ ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ (እንደ ብረት ዝገት ያለ ማዕድን) ማድያት የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል። ቀይ ጭቃን የሚያቀላውም ያው አይረን ኦክሳይድ ነው፣ ግን ታጥቦ የሚሄድ ጭቃ ከፀሐይ አያስጥልም። ሻርፕና ጃንጥላም አይናቁ።

አቀባቡ ከምርጫው እኩል ይወስናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ካኦሊን በጽጌረዳ ውሃ ወይም በተራ ንጹሕ ውሃ እርጎ እስኪመስል በጥብጪ፤ ለጉንጭሽ የሚሆነው ላይ ትንሽ ማር ጨምሪ። መጀመሪያ ከጆሮሽ ጀርባ ሞክረሽ እስከ ማግስቱ ጠብቂ። ፊትሽ ላይ ከ10 ደቂቃ አታሳልፊው፣ ጠርዙ መንጣት ሲጀምር እርጥብ ሳለ አንሺው። ብዙ ሰው ተሰነጣጥቆ እስኪረግፍ ይጠብቃል፤ ያኔ ወዙን ጨርሶ የቆዳሽን ውሃ መሳብ ጀምሯል። በእጅ ፈግፍገሽ አታስለቅቂው፣ ለብ ያለ ውሃ የነካ ለስላሳ ጨርቅ አሳርፊበት። ፊትሽ ሳይደርቅ ግሊሰሪን ወይም ክሬምሽን ተቀቢ። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውርጩ ሲበረታ፣ ግንባርና አፍንጫሽን ብቻ ቀቢ፤ ጉንጭሽን ተዪው።

እህትሽ ከጣርማበር በታች በዚያ ሙቀት ስለሆነች በሳምንት አንድ ጊዜ ሙልታኒ ወይም ካልሲየም ቤንቶናይት ትችላለች። ብጉሯ ትልልቅ፣ የሚያምና ጠባሳ የሚተው ከሆነ ግን ጭቃው ይቅርና የቆዳ ሐኪም ትይ። አንድ ፓኬት ለሁለት መግዛታችሁ ካልቀረ ካኦሊኑን ግዙ፤ እሷ ትንሽ ቤንቶናይት ለብቻዋ ገዝታ የምትቀባውን ያህል ላይ ትቀላቅልበት። ዱቄቱ ደረቅ ሆኖ ከተከደነ ብዙ ይቆያል፤ ውሃ የነካውን ትራፊ ግን ለነገ ብላችሁ አታስቀምጡ፣ ድፉት።