መልስ፦ አለቃዬ «ጭንቀት የግል ጉዳይሽ ነው» አለኝ፤ ሕግ ምን ይላል?
ሰላም እህቴ። በሥራ ብዛት እንቅልፍ እንዳጣሽ ስትናገሪ አለቃሽ «የግል ጉዳይሽ ነው» እንዳለሽ ጽፈሻል። አሠሪ በዚህ በሕግ ይጠየቃል ወይ ነው ጥያቄሽ። አዎ፣ ሊጠየቅ ይችላል። የግልሽ ብቻማ አይደለም!

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 155 ጤና ሲል አካልን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም ይጨምራል። በ2019 የጸደቀው ቁጥር 190 ደግሞ በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳ ነው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ የምትሠሪበትን አገር ሕግ ማየት የግድ ነው።

ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ አሠሪው ጉዳቱ ሊመጣ እንደሚችል ያውቅ ነበር? ወይስ ማወቅ ነበረበት? በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የተፈረደ አንድ ጉዳይ አለ። አንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ኃላፊ በሥራ ጫና ታሞ ሲመለስ እገዛ ይደረግልሃል ተባለ። እገዛው አልዘለቀም። ሰውየው እንደገና ታመመ። ፍርድ ቤቱ አሠሪውን ተጠያቂ ያደረገው ለመጀመሪያው ሕመም ሳይሆን ለሁለተኛው ነው። ያኔ አደጋው አስቀድሞ ታውቆ ነበርና።

ስለዚህ በቃል ብቻ አትንገሪ። በጽሑፍ አሳውቂ፣ ቀን ጻፊበት፣ ኮፒውን ራስሽ ጋ አስቀምጪ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ አማክሪ። ሐኪም ዘንድ ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ፤ እንቅልፍ ማጣቱ የክሱን ውጤት አይጠብቅም።