መልስ፦ ካስተም ሮም (ከአምራቹ ውጭ የተሠራ የስልክ ሲስተም) ከጫንኩ በኋላ ስልኬ ሎጎው ላይ ቆሞ ቀረ፣ ምን ላድርግ?

አይዞህ ወንድሜ፣ ሎጎው እየተመላለሰ ከሆነ ስልኩ አልሞተም። ቡትሎደሩ፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ይሠራል፤ የተበላሸው ሲስተሙ ነው።

መጀመሪያ ሪከቨሪ (የስልኩ የጥገና ሜኑ) ገብተህ ዳታውን አጥፋ። የድሮው ሲስተም ዳታ ከአዲሱ ሮም ጋር ስለማይስማማ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያልቃል፤ ፎቶና ፋይልህ ግን አብሮ ይጠፋል። ካልተነሳ ኦሪጅናል ፈርምዌሩን (የአምራቹን የራሱን ሲስተም) በኮምፒውተር መልሰህ ጫን። ስልኩን አጥፍተህ ፓወርንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ስትይዝ በብዙዎቹ አንድሮይዶች ፋስትቡት፣ ማለትም ከኮምፒውተር ፈርምዌር የሚጫንበት ሞድ፣ ይመጣል። ሳምሰንግ ከሆነ በዳውንሎድ ሞድ ገብተህ ኦዲን በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የምትጭነው። የሞዴል ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ ፊደል መመሳሰል አለበት፤ እዚህ ላይ እባክህ አትቸኩል፣ ስልክን የምር የሚገድለው የሌላ ሞዴል ፈርምዌር ነው።

ስክሪኑ ጭራሽ ከጨለመም ተስፋ አትቁረጥ። ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ዲቫይስ ማኔጀርን (በዊንዶውስ ላይ የተሰኩ መሣሪያዎች ዝርዝር) ክፈት፤ ኳልኮም (የስልኩ ቺፕ አምራች) ብሎ መጨረሻው ላይ 9008 የሚል ቁጥር ካሳየህ ስልኩ ኢዲኤል በሚባለው የኳልኮም የድንገተኛ መጫኛ ሞድ ላይ ነው፣ ለሞዴሉ የሚሆን ፋይል ካገኘህ ሊነሳ ይችላል። ቺፑ ሚዲያቴክ ከሆነ ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል፤ «ፎርማት ኦል» የሚለውን ግን እንዳትነካ፣ አይኤምኢአዩን (የስልኩን መለያ ቁጥር) ሊያጠፋብህ ይችላል።

ቡትሎደሩንም ኦሪጅናሉ ተጭኖ በደንብ ሳይነሳ መልሰህ እንዳትቆልፈው።